አክስቱ ሳልሆን እናቱ

ለምወድህ ወንድሜ ለሎርካን፣ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ፐርዝ ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ማዕድን ማውጫው ውስጥ የጎዳኸው ጉልበትህስ ሻረልህ? ሙቀቱ እንቅልፍ ነሳኝ ብለህ ነበር፤ አሁን በረደላችሁ? እኛ ከማያባራው ዝናብ በቀር ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ሚስቴ ሳይቭም ደህና ናት። እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኛል። የወጥ ቤቱን በር በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ሳይቭ «ለሦስተኛ ጊዜ ከቀባሽው አይዘጋልንም» ብላ ብሩሹን ደበቀችብኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። መንግሥት መውለድ ላቃታቸው ነፃ ሕክምና ጀመረ ሲባል፣ እኔና ሳይቭ ከአጎታችን ልጅ ከኪራንና ከሚስቱ ጋር በአንድ ሳምንት ፎርም ሞላን። ጥቅምት ላይ ተጠርተን ሄድን። ነርሷ ደግ ሴት ናት፤ ዓይናችንን ግን ማየት አልቻለችም። «የለጋሽ ዘር የሚያስፈልጋቸው በዚህ አይካተቱም። ለጊዜው ነው» አለችን። ሳይቭ «ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?» ብትላት «እሱን እኔም ባወቅኩት» አለች። ሳይቭ በሰኔ ሠላሳ ዘጠኝ ይሞላታል። ሕጉ ይቆይ ይሆናል፣ የእሷ ዕድሜ ግን አይቆይም። ያን ቀን ማታ ኪራን ተቀበሉን ብሎ በደስታ ደወለ። እንኳን ደስ አላችሁ አልኩት፣ ከልቤም ነው፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ጓሮ ወጣሁና እጄ እስኪላጥ እንጨት ፈለጥኩ።

እንደምታውቀው እንጀራዬ ላም ማዳቀል ነው። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ፓኪ ዘንድ ሄጄ ሥራዬን ስጨርስ፣ አጥሩን ተደግፎ «ለጊደሬ ጠዋት ብደውል ከሰዓት ትደርሻለሽ። ለእናንተ ነው ሰው የጠፋው?» አለኝ። ሳቅኩለት። የወጥ ቤቱን በር ለሁለተኛ ጊዜ የቀባሁት ግን ያን ዕለት ማታ ነው።

አሁን በስልክ ወዳልከኝ ልምጣ። «ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ዘሩ ከእኔ፣ ሙያው ካንቺ፣ ማሕፀኑ ከሳይቭ፤ ሐኪም ምን ያደርግልናል?» ስትለኝ መጀመሪያ አሳቅከኝ፣ ቀጥሎ አስለቀስከኝ። ሳይቭም «የእናንተን አፍንጫ ይዞ ቢወጣ ምን እጠላለሁ» አለች። ሆኖም ጠበቃ ጠየቅን። ቤት ውስጥ ካደረግነው ሕጉ እኔን አያውቀኝም። ሳይቭ እናት ናት፣ አባቱ አንተ ትሆናለህ፣ እኔ ደግሞ አክስት። ልጁ ቢታመም ፈርሜ አላሳክመውም። ሳይቭን ክፉ ቢያገኛት ልጄ ነው ብዬ የምቆምበት ወረቀት የለኝም። ሎርካን፣ አንተ እንደማትወስድብኝ አውቃለሁ። ግን እናትነቴ በአንተ ደግነት ላይ እንዲቆም አልፈልግም። ስለዚህ በዚያ መንገድ አይሆንም።

ስለ እማዬ የምነግርህን አታምነኝም። ሠርጋችን ዕለት ራሴን አሞኛል ብላ የቀረችው ራሷ እማዬ፣ ባለፈው ወር በአንድ ዓርብ የአካባቢያችን የምክር ቤት አባል ሕዝብ ወደሚያነጋግርበት አዳራሽ ሳትነግረን ሄደች። እዚያ የነበረው ፓኪ ነው የነገረኝ። ስለ ተቦረቦረ መንገድ ሊያመለክቱ ከመጡት ኋላ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ «ኪራን የወንድሜ ልጅ ነው፣ ኑላ የማሕፀኔ ልጅ ናት። አንዱን አስገብተህ አንዷን ደጅ የምታቆመው በምን ሚዛን ነው?» አለችው። «እማማ፣ ጉዳዩ እየታየ ነው» ቢላት «ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ እየታየ ነው የተባለ ብዙ ነገር ሲቀር አይቻለሁ» ብላ፣ ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ጽፎ እስኪያነብላት ከወንበሩ አልነሣም አለች። ቤት ስትመጣ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ካፖርቷን እያወለቀች «ሠርጉ አመለጠኝ። ይሄ አያመልጠኝም» አለች።

የሚኒስትሩ መልስ እስካሁን አልመጣም። እኛም ቁጭ ብለን አንጠብቅም ብለን በራሳችን ወጪ ደብሊን አንድ ክሊኒክ ቀጠሮ ይዘናል። ሊከለክሉን የማይገባውን ነገር ገዝተን መግባታችን ያንገበግበኛል፤ ግን የሳይቭን ዓመታት ከየት አመጣለሁ? እዚያ እኛ የምናውቀውን ለጋሽም ይቀበላሉ። በእነሱ በኩል ከተደረገና ሁላችንም ከፈረምን፣ ሕጉ እኔንም እናት ይለኛል። እንግዲህ ወንድሜ፣ ልብህ ካልተለወጠ በዚያ በር ና፤ ተመርመርና አጎት ለመሆን ፈርም። ካልፈለግክም በግልጽ ንገረኝ፣ አልቀየምህም። ምርመራው ብቻውን ወራት ይፈጃል አሉ፣ ስለዚህ መልስህን አታዘግይብኝ።

ባለቤትህን ቴጋንን ሳታማክር እንዳትወስን፤ እሷንም እናቷንም ሳምልኝ። ኪራንና ሚስቱ ሰላም ይሉሃል። ፀንሳለች፣ ገና ለሰው አታውራ። ፓኪ ጉልበትህን ከቅዝቃዜ እንድትጠብቅ አዟል፤ ያለህበትን አገር አያውቅም። ሳይቭ ጉንጭህን ትስማለች። እማዬ ደግሞ ከአጠገቤ ቆማ «ለፋሲካ ሳይሆን ለነገ ይምጣ በይው» እያለችኝ ነው።

እህትህ ኑላ
ሌትሪም፣ አየርላንድ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2024