የኩሽናው ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ሚጢጢዋ ልጅህ ጥርስ አወጣች? የእማዬ እጅስ ዳነ ወይስ አሁንም እንደተጠቀለለ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስል ሰውነቴን እንጂ ሆዴን አይደለም። ሆዴ ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ እርር ድብን ብሏል። ሰላምታውን ያስቀደምኩት አስተዳደግ ይዞኝ ነው።

እማዬ ድስት ጥዳ ረስታው ጓሮ እንደወጣች፣ መጋረጃው ተያይዞ ስታጠፋው እጇ እንደተለበለበ፣ የላክሁላት ሳጥን ደግሞ ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ እንደ ትንኝ ሲያንሾካሹክ እንደነበር ጻፍክልኝ። ስለዚህ ኩሽናውን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ አልክ። ሳጥኑንም አሻንጉሊትሽ አልከው። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ አጎንብሼ የሠራሁት፣ ድስት ሲያርር ጮኾ እንዲጠራት ነበር። እሺ፣ እሱን እንደፈለግክ ስደበው። እማዬን በገዛ ቤቷ እንግዳ ያደረግካት ግን በማን ፈቃድ ነው? ሁለታችንንም ያሳደገችን እዚያች ኩሽና ውስጥ ቆማ አይደል እንዴ? ባለቤትህ ሠርታ የምታቀርብላትን ነካ ነካ አድርጋ ትተወዋለች ብለህ ደግሞ ትገረማለህ። እኔ ብሆን ሳህኑን እመልስልህ ነበር።

ንዴቴ ባይበርድም፣ ሳጥኑ ምን ነክቶት ነው ብዬ እሱን የመሰለ ሌላ ሠራሁ። ውስጡ ያለው ብዙ አይደለም፤ ሙቀት የምትለካ ነገር፣ ያዘዝኳትን የምትፈጽም ከመዳፍ ያነሰች ኮምፒውተር፣ እና ፒየዞ የምትባል ሳንቲም የምታክል ጥቁር ስፒከር ናት። ላይተር ሳስጠጋላት መብራቷ በራ፤ ድምፁ ግን እውነትህን ነው፣ ትንኝ ነው። ሽቦ ቀየርኩ። ብየዳውን ነቅዬ ደገምኩ። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበብኩ። ስፒከሯ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንድትርገበገብ ያዘዝኩበትን ቁጥር ከፍ ዝቅ አደረግኩ፤ ትንኟ ቀጠነች፣ ወፈረች እንጂ አልጮኸችም። ከዚያው እሽግ ሌላ ስፒከር አውጥቼ ብገጥምም ያው ሆነ።

በቃ፣ የተበላሸ ዕቃ ሸጠውልኛል አልኩ። በማግስቱ ጥገና ቤት የሰው ልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደፈታሁ ጥዬ፣ ደንበኞች ሁሉ «ነገ ና» ብለው ስም ያወጡለት አለቃዬ ከኋላዬ እየተጣራ፣ መለዋወጫ ሻጩ ጋ ሄድኩ። በሰው ፊት ያላልኩት የለም። እናቴን ያቃጠልካት አንተ ነህ ሁሉ ብዬዋለሁ። ሰውየው እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ሳጥኑን ተቀበለኝና ስፒከሯ አናት ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት በጥፍሩ ላጣት። ከሥሯ ቀዳዳ ነበር። ላይተሬን ሳስጠጋለት ጩኸቱ ሱቁን ሞላው፤ በር ላይ የቆሙት ጆሯቸውን ያዙ። ወረቀቷ ስፒከሯ ፋብሪካ ውስጥ ስትታጠብ ውሃ እንዳይገባባት የምትለጠፍ እንደሆነችና ማንም ሰው ገዝቶ እንደሚልጣት ነገረኝ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማንም ሰው ይልጣታል አለኝ። የእኛ ቤት ሰው ግን አይልጥም። ወረቀቷን አይቻት ነበር፣ ጋሼ። ሆን ብዬ ነው የተውኳት። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እስከዛሬ ላስቲኩ ውስጥ አይደል? የፍሪጁን ሰማያዊ ላስቲክ የላጥኩ ጊዜ እማዬ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ታዲያ ለእሷ የምልከው ነገር ከነወረቀቱ ይድረስላት፣ አዲስነቱን ትየው ብዬ ነው። ስሞክረውም ጠረጴዛዬ ላይ፣ አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ስለነበር ድምፁ በቂ መሰለኝ። እጇን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። እዚህ ከጻፍኩት ቁጣ ግማሹ የራሴ ነው። ግማሹ ግን ያንተ ነው፤ እሱን አልተውልህም።

አሁን የምልህን አድርግ። ሳጥኑን በቢላ እንዳትጎረጉረው። እማዬ ላስቲክ አልብሳው ከሆነ አውልቀው። ስፒከሯ በክዳኑ በኩል ብቅ ብላለች፤ ወረቀቷን በጥፍርህ ላጣት። ከዚያ ባዶ ድስት ጣድና እማዬን ይዘህ ጓሮ ውጣ። እዚያ ሆናችሁ ጩኸቱ ካልተሰማችሁ የፈለግከውን ስም አውጣልኝ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ እማዬን ያስኮረፋት በሩ እንጂ የእሷ ምግብ እንዳልሆነ ንገራት። ሚጢጢዋን ጉንጯን ሳምልኝ። የእማዬን ሁለቱንም እጆች ሳምልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ጥፋቴን ሳትዘል አንብብላት። ወረቀቷን ስትልጥ፣ ምነው አዲስ ዕቃ ታበላሻለህ ብላ መቆጣቷ አይቀርም። ትቆጣህ። አንተ ዝም ብለህ ቁልፉን እጇ ላይ አስቀምጥ።

እህትህ

ከጥገና ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት፣ መጋቢት ፲፬ ቀን