ባባ ኪኒኑን ይውሰዱ ወይስ ይቅርባቸው?

ለታላቅ ወንድሜ ለያያ ታንኮ፣ ጋቦን

«ለመሆኑ የባባ ልብ እንዴት ሆነ?» እያልክ እዚያ ጫካ ውስጥ ግንድ ስትቆርጥ እንደምትውል ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። አንተስ እንደምን ከረምክ? ወገብህን ተሻለህ? ዝናቡና ትንኙ እንዴት ይዘውሃል? እኛ ከአንድ ነገር በቀር፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን። የበረሃው አቧራ ገብቶ የሁላችንም ከንፈር ተሰነጣጥቋል። እኔ ተመርቄ የብሔራዊ አገልግሎት ምደባዬን እየጠበቅሁ ነው፤ ከወር በኋላ የት እንደምሆን አላውቅም።

ያ አንድ ነገር ይኸው። የባባ ልብ አልፎ አልፎ ምቱ ይዘበራረቃል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ሲንፈራገጥ ይቆይና ምንም እንዳልነበረ ይመለሳል። ሐኪሙ እንዳለው በዚያን ጊዜ ደም እልብ ውስጥ ሊረጋ፣ የረጋውም ወደ ጭንቅላት ወጥቶ ግማሽ አካል ሊያሽመደምድ ይችላል። አልፎ አልፎ ነው ብለን እንዳንዘናጋ፣ ከዕድሜያቸውና ከደም ግፊታቸው ጋር ደም የሚያቀጥን ኪኒን ቢጀምሩ ይሻላል አለ። ኪኒኑን የጀመረ ሰው ግን ሲቆረጥ ደሙ ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ ጀርባ በጥቶ በቀንድ ደም ማስወጣት ቀረ ማለት ነው።

ባባ ደግሞ ምን እንደሆኑ ታውቃለህ። የሰፈሩን ራስ የሚላጩት፣ ጀርባውንም የሚበጡት እሳቸው ናቸው፤ በየዓመቱ ብርዱ ሲያልቅ መጀመሪያ የራሳቸውን ጀርባ ለረዳታቸው ለኢሮ ይሰጣሉ፣ ሰውም ያንን አይቶ ይከተላል። «የራሱን ቀንድ ለፈራ ሰው ማን ጀርባውን ይሰጣል?» አሉኝ።

ሐኪሙም ሳያውቀው ነገሩን አበላሸው። የካኖ ልጅ ነው። ባባ የዛሪያ ሰው መሆናቸውን ሲሰማ የካኖና የዛሪያ ሰው ሲገናኝ እንደ ወጋችን መተረብ ጀመረ፤ እናንተ ዛሪያዎች ደማችሁም እንደ ገንፏችሁ ወፍራም ነው፣ ትንሽ እናቅጥነው አላቸው። ባባም የሚገባውን መለሱለት፣ ተሳሳቁ፣ ማዘዣው ታጥፎ ኪስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ባነሳሁ ቁጥር የካኖ ሰው ቀልድ ነው ይሉኛል።

አራት ዓመት ሳይንስ ተምሬ አባቴን ማሳመን ያቅተኛል ብዬ፣ መቶ ፍሬ ኦቾሎኒ ምንጣፉ ላይ ደረደርኩ። እንደ እርስዎ ካሉ መቶ ሰዎች በዓመት አምስት ያህሉን የረጋው ደም ይመታል፤ ኪኒኑን ከወሰዱ ሁለት ቢሆኑ ነው፤ በኪኒኑ ምክንያት ደም የሚያስቸግራቸውም አሉ፣ አልደብቅዎትም ብዬ ለየሁላቸው። ከአምስቱ ሦስቱን አንስተው አኘኩና «በይ፣ እነዚህን አድኛቸዋለሁ» አሉኝ። እናታችን ኢና በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ያለፈው ሳምንት ዓርብ ግን የሥጋ ሻጩ የጋምቦ ልጅ ሰባት ቀን ሞልቶት ስም ሊወጣለት ባባ ፀጉሩን ሲላጩ ምላጩ ከእጃቸው ወደቀ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሊናገሩ ሲሉ አፋቸው ወደ ጎን ሄደና ቃሉ ተኮላተፈ። ጋምቦ ቀልድ መስሎት «ምነው አባቴ፣ በጉ ሳይታረድ አልላጭም ነው?» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ደህንነታቸው ተመለሱ፤ ሕፃኑም አልተነካም፣ የቀረውን ኢሮ ጨረሰው። ሐኪሙ ግን ጭንቅላታቸውን ፎቶ አስነስቶ ካየ በኋላ በዚያ ቀን አልቀለደም። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሁለተኛው ላይመለስ ይችላል አለኝ።

ኪኒኑን ገዝቼዋለሁ፤ ባባ ግን ገና አልነኩትም። ያያ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ትናንት አንዷን ፈጭቼ ገንፏቸው ውስጥ ልጨምር እጄን ዘርግቼ ነበር። ሳያውቁ ጀርባቸውን ቢያስበጡ ደሙን ማን ያቆመዋል ብዬ ዱቄቱን ደፋሁት።

ዛሬ ጠዋት ብለምናቸው ይህን አሉኝ፦ «ምላጬን ያወረስኩት ለታንኮ ነበር፤ ጥሎት ሄደ። እሱ ምላጩን ያስቀምጡ ካለኝ አስቀምጬ ኪኒኑን እውጣለሁ። ግን በእጁ ጽፎ ይላክ፣ አንቺ በእሱ ፈንታ አትናገሪ።»

ኢሮ የሚበጣቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ኢሮ ለሰፈሩ ይበቃል፤ ባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያሠሩታል፤ እኔ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። አንተ ትተህ መሄድህን እንደ በደል ቆጥረህ ዝም እንዳትል እፈራለሁ። ዝም ካልክ እሳቸው እምቢታ ነው ብለው ያነቡታል።

ኢና ትመርቅሃለች፤ ላንታና እኅትህ፣ ኢሮም፣ ጋምቦም ሰላም ብለውሃል። አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ባባ ሰላምታቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱም፤ መልሱን አይቼ እልካለሁ ነው ያሉት። እባክህ ያያ፣ ሁለት መስመር ትበቃለች። ይህን አንብበህ ሳትነሳ ጻፍ።

ታናሽ እኅትህ ታላቱ
ዛሪያ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2009