የሚስስ ሆልሮይድ ጓሮ

ወንድሜ ምህረቱ፣

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሃሊፋክስ ከተማ የተከራየሁበትን ቤት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ያሠራው አንድ የሱፍ ነጋዴ ነው። የልጅ ልጁ ልጅ ሚስስ ሆልሮይድ ቤቱ እንዳይፈርስባቸው ቅርስ ይባልልኝ ብለው አመልክተው ነበር። ትናንት የቅርስ መርማሪው መጣና የፊት በሩን አንኳኳ። እዚህ በዚያ በር የሚያልፉት ሙሽራና ሬሳ ብቻ ናቸው።

«ማን ሞተ?» አሉ ሚስስ ሆልሮይድ በመስኮት።

«ኧረ ማንም አልሞተም እመቤቴ፣ ቤቱን ለማየት ነው።»

«እንግዲያውስ የኔ ጌታ፣ እንደ ሰው በጓሮ ይግቡ።»

ይህን እንዳሉ ክው አሉ። የቤቱ ፊት አንበሳ የተቀረጸበት ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ጀርባው ግን እንግዳ ስለማያየው በትርፍራፊ ጡብ የተለበደ ነው።

መርማሪው ዞሮ አየና ሳቀ። «የሌሎቹን ነጋዴዎች ጓሮ ልጆቻቸው እናሳምር ብለው አበላሽተውታል። እንደተሠራ የቀረው ይሄ ብቻ ስለሆነ አይፈርስም።»

«ቅድመ አያቴ በአንበሳው ሲኮራ ኖሮ፣ ቤቱ በመቂጡ ዳነ በሉኛ» አሉ ሴትዮዋ።

አንተም አጥርህን የቀባኸው በመንገድ በኩል ብቻ ነውና ውስጡን እንዳትነካው። የፖስታ ካርዱ ሞላ፤ እማማ አሰለፈችን ሳምልኝ፣ የድሮ መሥሪያ ቤቴን የዝግጅት ክፍል ልጆች ናፍቃችሁታል በላቸው።

ገዛኸኝ