ስለ መኪናዬ ስፒከርና ስለማይወርደው መስታወት ለድምፅ ኮሚቴው የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ውባንተ
የአጨዳ ወቅት የድምፅ ሥርዓት አስከባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ በማስታወቂያዎ ግርጌ እንዳረፈው ማኅተም የጠራ፣ እንቅልፍዎም ለከተማችን ባወጁት ጸጥታ ልክ የጠለቀ እንዲሆን ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። እኔ ከኮኪት ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰሊጥና ማሽላ የማርስ፣ የአንዲት ያረጀች ፒክአፕ ባለቤትና ራሴን በራሴ የሾምኩ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ልከስዎ ሳይሆን ላመሰግንዎ ነው። ነገሩ ክስ ቢሆን ኖሮ ተከሳሹን ለማግኘት መስታወት ፊት መቆም ይበቃኝ ነበር።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ከሥሩ ልጀምር። በእኛ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቢጫ ሲሆን ቶሎ ካልታጨደ ቅርፊቱ ይከፈትና ዘሩ ይረግፋል፣ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ የጉንዳን ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ገበሬው ሁሉ መኪናውን አስነሥቶ፣ ከደጋ የመጡ አጫጆች ወደሚሰበሰቡበት የኮኪት አደባባይ ይሮጣል። አጫጁ በብዛት ከጎጃምና ከወሎ ስለሚመጣ፣ በመኪናው ጣሪያ ላይ ሞንታርቦ ይሰቀልና የአገሩ ዘፈን ይለቀቅለታል፤ የአገሩን ዘፈን የሰማ ሰው ወደዚያ መኪና ያዘነብላል፣ የቀረውን ክፍያና ምግብ ይጨርሰዋል። ይህ ልማድ በእርስዎ ዘንድ ሥርዓት አልበኝነት መሆኑ ስለታወቀ፣ ዘንድሮ ሞንታርቦ መስቀል ተከልክሎ፣ ሠራተኛ የሚጠራ ሰው «ከመኪናው ውስጥ በሚወጣ መጠነኛ ድምፅ» ብቻ እንዲጠቀም የሚያዝዝ ማስታወቂያ በየግድግዳው ተለጠፈ። ማለፊያ ውሳኔ ነው። ችግሩ የኔ መኪና ድምፅ መጠነኛ ለመባል እንኳ የማይበቃ መሆኑ ነበር። ከፋብሪካ አብረዋት የመጡት ሁለቱ የበር ስፒከሮች የቆላ አቧራ ሲጠጡ ኖረው ወረቀታቸው ስለተቀደደ፣ በኔ መኪና የዘፈነ ዘፋኝ ሁሉ ጉንፋን እንደያዘው ነው የሚሰማው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የዋሉልኝን ውለታ በተራ ላቅርብ።

፩. የእጅ ሙያ ባለቤት ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ከገበያ ትልልቅ ስፒከሮች ገዝቼ ስመለስ፣ በከተማው የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ስሜነህ «ጋሼ፣ ያምጧትና ልግጠምልዎት፤ ይኸ እንዲያው የሚነካካ ነገር አይደለም» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የትራክተር ሞተር ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ የማውቅ ሰው በመሆኔ ናቅሁት። የስፒከሩን ቀዳዳ በጣቴ ለካሁ፤ ወርዱ ልክ ነው። ጥልቀት የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነገረኝ? ማስታወቂያዎ ባይወጣ ኖሮ የበር ሽፋን በምን እንደሚያያዝ ሳላውቅ እሞት ነበር፤ አሁን ግን በፕላስቲክ ክሊፕስ እንደሚያያዝ፣ ክሊፕሱም በቆላ ፀሐይ ደርቆ ስለሚቆይ ካቻቢቴ ሲገባበት እንደ ሽምብራ ቆሎ እንደሚንጣጣ አውቄያለሁ። ሽፋኑን መልሼ የምይዝበት አንድም ክሊፕስ ስላልተረፈ፣ የጆንያ መስፊያዬን አነሣሁና ክሊፕሱ በነበረባቸው ቀዳዳዎች እያሾለክሁ በሲባጎ ሰፋሁት። ዕድሜዬን የሰሊጥ ከረጢት አፍ ስሰፋ የኖርኩ ነኝና ስፌቱ የሚያሳፍር አልነበረም። ባለቤቴ ሰርኬ ግን መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየችና «አንተየ፣ ስንት ኩንታል ትይዝልሃለች?» ስትል ጠየቀችኝ።

፪. ጥንቃቄ ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ። የአዲሶቹን ስፒከሮች ድምፅ መሞከር ነበረብኝ፤ ነገር ግን «መጠነኛ» ማለት እስከምን ድረስ እንደሆነ ማስታወቂያው ላይ ስላልተጻፈ፣ መጠኑን አልፌ እንዳልገኝ የመኪናዋን መስታወት እስከ ጫፍ ዘግቼ፣ ውስጧ ተሸሽጌ ሞከርኳቸው። በገዛ ግቢው፣ በገዛ መኪናው ውስጥ ተደብቆ ዘፈን የሰማ ገበሬ ከኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። የስፒከሩ ማግኔት መስታወቱ የሚወርድበት መንገድ ላይ ተገትሮ መቀመጡን ሳላውቅ የቀረሁትም በዚሁ ጥንቃቄ ነው፤ እንደ ባለጌ መስታወቱን አውርጄ ብሞክረው ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይገባኝ ነበር። ድምፁም ቢሆን ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ዘፋኙ አለ፣ ክራሩ አለ፣ ከበሮው የለም። የአንደኛውን ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ገልብጬ በማገናኘቴ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየጎተተ ከበሮውን መሐል ላይ እንደበሉት ስሜነህ የነገረኝ ኋላ ነው። እኔ በጊዜው ጥፋቱ የከበሮ መቺው መስሎኝ በማላውቀው ሰው ፈረድኩ። ሰርኬም ለቡና ልትጠራኝ በሩን ከውጭ ስለከፈተችልኝ፣ የውስጡን መክፈቻ ሳልነካው ወረድኩ።

፫. ሦስተኛውን ውለታ ከመጻፌ በፊት ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና እውነቱን ልንገርዎ። ፈርቼ ነበር። ሰሊጡ ቢጫ ሆኖ የታችኛው ቅርፊት መከፈት ጀምሯል፤ ያ ማሳ የአንድ ዓመት ኑሯችን ነው፤ ሰርኬ ክረምቱን በሙሉ ከአራሚዎች እኩል ጎንበስ ቀና ስትልበት የከረመች ነው። ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘሩ ረገፈ ብዬ ወደ ማሳው እሮጥ ነበር። ያን ፍርሃት ይዤ ነው በማለዳ ተነሥቼ፣ የጭነት መኪኖቹን አቧራ በመሸሽ መስታወቱን እንደዘጋሁ ኮኪት የገባሁት።

አደባባዩ መሐል ቆሜ የጎጃም ዘፈን ያለበትን ፍላሽ ሰካሁና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ከዚያ ለሰው እንዲሰማ መስታወቱን ላወርድ እጀታውን ባዞረው፣ አንድ ጣት ያህል ወረደና ቀጥ አለ። በጉልበት ባዞረው እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በሩን ከፍቼ ልውጣ ብል፣ ለካስ ሽፋኑን ስገነጥል በሩን ከውስጥ የምታስከፍተዋን ሽቦ አብሬ ነቅያታለሁ። የወዲያኛውንም በር የሠራሁት እኔው ነኝና ዕጣው ያው ነው። የቆላ ፀሐይ ደግሞ እንደሚያውቋት ማለዳም ቢሆን ለማንም አታዝንም። እንግዲህ ክቡርነትዎ ይታይዎት፤ ላብ ያጠመቀው ጎልማሳ ከተሰፋ መኪና ውስጥ ሆኖ የመስታወቱን እጀታ እንደጨበጠ መስታወቱን ይደበድባል። እኔ ክፈቱልኝ እላለሁ፣ አጫጆቹ የምዘፍን መስሏቸው ያጨበጭባሉ፤ አንዱማ እስክስታ ወረደልኝ። ጥሩምባ ብነፋ ሥራ ያለ መስሏቸው ከየሻሂ ቤቱ ያልወጣ አጫጅ አልነበረም። ቴፑን ማጥፋት እንደሚቻል ትዝ ያለኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በመጨረሻ የአጫጆቹ አለቃ፣ ዋለ የሚባል የጎጃም ሰው፣ በሩን ከውጭ ከፈተልኝና «ኧረ ምን ሁነው ነው ጌታው? ማን ቆለፈብዎት?» አለኝ። የክቡርነትዎ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ሲባጎው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ፣ እኔው ነኝ ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

፬. በየትኛውም ሞንታርቦ ሰብስቤው የማላውቀውን ያህል አጫጅ በመኪናዬ ዙሪያ ስለሰበሰቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሚያሳዝነው እኔ ትንፋሼን እስክሰበስብ ድረስ፣ ከጎንደር የመጣ አንድ ኢንቨስተር የጭነት መኪናውን ከኋላዬ አስጠግቶ፣ ያለ ዘፈንና ያለ ጭፈራ ክፍያውን ተናግሮ፣ አብዛኛውን ሰው ጭኖ መሄዱ ነው። ደጋሹ እኔ፣ በላተኛው እሱ። ለኔ የቀሩልኝ ዋለና ጥቂት የአገሩ ልጆች ብቻ ናቸው። በሳቅ ብዛት የኢንቨስተሩ መኪና አምልጧቸው እንደሆነ ብጠይቅ፣ ዋለ «የለም ጌታው፤ አምና ያሠራን ሰው ብልጥ ነበርና አጭበረበረን። በገዛ መኪናው ላይ እንዲህ የሚሠራ ሰው ግን ላታልል ቢል እንኳ አይችልበትም ብለን ነው» አለኝ። ስድብ ይሁን ምርቃት እስካሁን አልለየሁትም፤ ብቻ እስከ ዛሬ ከተሰጠኝ ምስክርነት ሁሉ ለእንጀራዬ የጠቀመኝ እሱ ነው።

፭. ክብሬን ከፍ ስላደረጉልኝ። ወደ ማሳ ስንመለስ አጫጆቹ ከኋላ ነፋስ እየመታቸው ሲጫወቱ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ተዘግቶብኝ ስቀቀል ሄድኩ። በደረስንበት ሁሉ ዋለ ዘሎ ይወርድና በሩን ይከፍትልኛል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ትልቅ ሹም መሰልኩ፤ በሩን ሰው ካልከፈተለት መውጣት የማይችል ባለሥልጣን ምን እንደሚሰማውም በእርስዎ ደግነት ቀምሼ አየሁት።

የቀረኝ አንዲት ልመና ናት። በሚቀጥለው ማስታወቂያዎ ላይ «ስፒከር የሚቀይር ገበሬ አስቀድሞ መስታወቱን ያውርድ» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምሩልን፣ እኔን መሰል ብዙ ሊቃውንት ከመቀቀል ይድናሉ። መኪናዋን ለስሜነህ አስረክቤያለሁ፤ እሱም ስፌቱን በመፍታት ፈንታ ለደንበኞቹ ማሳያ አድርጎ አቁሟታል። እነ ዋለ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ከማሳዬ ግማሽ ያህሉን አጭደው ነዶውን አቁመዋል። ግማሹ ገና ሳይታጨድ ነው፣ ቅርፊቱም እየተከፈተ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ሰዎቹ ከኔ ጋር ከቆዩ ዓመቱን እንሻገራለን፤ ከሄዱ ግን ሌላ አጫጅ የምጠራበት መኪናም፣ ድምፅም፣ ፊትም የለኝም።

የኮሚቴዎ ጸጥታ እንዳይደፈርስ ከመስታወት በስተጀርባ ሆኜ የምጮህ፣ ለመመሪያዎ ከነመኪናዬ በር የተሰፋሁ፣ ውለታዎን ሰሊጥ በበላሁ ቁጥር የማስታውስ ታማኝ ነዋሪዎ፣

ቢያድግልኝ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳጥፈው የኮሚቴዎ መኪና በማሳዬ ዳር አለፈች። ጣሪያዋ ላይ ትልቅ ሞንታርቦ ተሰቅሎ፣ ሞንታርቦ መስቀል ክልክል መሆኑን ለየእርሻው ታውጃለች፤ ሰው ጆሮ እንዲሰጥም መሐል መሐሉን የጎጃም ዘፈን ትለቃለች። አጫጆቼ አዋጁን ነፋስ ወስዶባቸው ዘፈኑን ብቻ ስለሰሙ፣ የተሻለ የሚከፍል ገበሬ የመጣ መስሏቸው ማጭዳቸውን ይዘው ተከተሏት፤ ሾፌርዎም ደግ ሰው ነውና ቆሞ አሳፈራቸው። ዋለ ሊመልሳቸው ቢሮጥ እሱንም ጨምረው ጫኑት። ኮሚቴው የሚያሳጭደው ሰሊጥ ከሌለው፣ የኔው ሳይረግፍ ሰዎቼን ይመልሱልኝ።