ቴምብር የሌላት ጠርሙስ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? የልጆቹ አባትስ ከሌሊት ፈረቃው ወጣ ወይ? እኛ ክፉ አይንካሽ ደህና ነን፤ የእማዬ ስኳር ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

እዚህ የመጠጥና የሲጋራ ቀረጥ ከተጨመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ድልድዩን እየተሻገረ ከጎረቤት አገር ይገዛል፤ ማዶ ዋጋው ግማሽ ነው። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ካርቶን ስለሆነ፣ በዕድሜዋ መጠጥ ቀምሳ የማታውቀው አሮጊቷ ጎረቤታችን ሳትቀር ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰው ልታመጣ አውቶቡስ ላይ ትጫናለች። የአባዬ ሱቅ ዝንብ እሽ የሚባልበት ሆነ። እኛስ ከማዶ አምጥተን ብንሸጥ ምናለበት ብዬ ብለምነው፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ እዚህ መደርደሪያ ላይ አይወጣም አለኝ። ግትር፣ አልኩ በሆዴ።

ዘንድሮ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ የቀረጥ ገቢው ስለወደቀ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ከወሩ መጨረሻ በኋላ አላቆያትም አለ። የእማዬን ስኳር የምትለካው፣ የእግሯን ቁስል የምታጥብላት እኮ እሷ ናት። አባዬ ግን ባዶ ጠርሙስ ሲመልሱለት አንገቱን እያየ፣ የቀረጥ ቴምብር የሌለበትን ለብቻ ያስቀምጥ ጀመር። ስለ ነርሷ ስብሰባ በተጠራ ቀን ሁሉንም አምጥቶ ጤና ጣቢያው ግቢ ደረደረው። ሰዉ አጉረመረመ፤ የአውቶቡሱ ሹፌርማ ሽማግሌው ሊያዋርደን ነው ብሎ ጦፈ።

አባዬ አንዷን አነሳና፣ «ይቺ ከኔ ቤት የወጣች ናት፤ በልጄ ሠርግ የተጠጣች» አለ።

እትዬ፣ አባዬ ድልድዩን ተሻግሮ አያውቅም። ያችን ጠርሙስ ለሠርጌ በድብቅ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አላወቀም ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ተዝናንቼ ስኖር፣ እሱ ለካ አስቀምጧት ኖሯል፤ አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሞም የእሱ ልጅ በመሆኔ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ተነስቼ፣ «ያመጣኋት እኔ ነኝ» አልኩ። ከኔ ቀጥሎ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ሹፌሩ። የራሱን ለቅሞ ለቅሞ እቅፉ ሞላ።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ይህን አይቶ፣ ሰዉ ከዚሁ ከገዛ ቀረጡ ይገባል ብሎ ነርሷ ለስድስት ወር እንድትቆይ ፈረመላት። ሁሉም ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን አሮጊቷ ቤቷ ዋለች።

የልጆቹን አባት ሰላም በይልኝ፤ ትልቋን በርቺ፣ ትንሹን ደግሞ አጎትህ ኳስ ገዝቶልሃል በይው። አባዬ ግንባርሽን ይስማል። እማዬም ይኸው ከጎኔ ተቀምጣ ነርሷ እግሯን እያጠበችላት፣ አታስቢ በላት ትለኛለች።

ወንድምሽ
ከአባዬ ሱቅ ጓዳ፣ ጥቅምት 19 ቀን