ዒዳ ላይ ሆኜ ማርሚታ ስፈታ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከዙህር ሶላት በኋላ

ዛሬም የፈታሁት ሁለት ዳዶ ብቻ። ሦስተኛው እምቢ አለ። ከትናንት ጀምሮ ነጭ ጋዝ እያጠጣሁት ነው፣ ንቅንቅ የለም። በመዶሻ መታሁት። የተመታው አውራ ጣቴ ነው። ደብተሬ፣ አትሳቂብኝ።

መኪናዋ ባሌ ጀማል ካቆማት ቦታ አልተነቃነቀችም። ግቢው መሐል፣ ኋላዋ በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ። ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫዋን፣ ዝገት በልቶት ከመሐል ተቆርጧል፣ ጅራቱ መሬት ይጎትታል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ግን ሲነሳ ሰፈራችን 31 ሜይ በሙሉ ይሰማል። ባሌ፣ አላህ ይዘንለት፣ የበርበራ መንገድ ሹፌር ነበር። ትንሽ ፋታ ላግኝ እንጂ እቀይረዋለሁ እንዳለ ሦስት ቀን ታሞ ሄደ።

መካኒክ ጋ እንዳልወስዳት ዒዳ ላይ ነኝ። ባል የሞተባት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። ሽቶ የለ፣ ኩል የለ፣ ሂና የለ። መካኒክ እንዳልጠራ፣ እኔና ልጄ ሂክማ ብቻችንን በምንኖርበት ግቢ ወንድ ገባ ቢባል የሰፈሩን አፍ ማን ይችለዋል? ብሩም የለ። ስለዚህ እኔው ነኝ። ድንበር ተሻግሬ ብኖርም የድሬ ልጅ ነኝ አቦ፣ ብረት አልፈራም።

ጣቴ ግን አብጧል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ኡመር ከጅግጅጋ ደወለ። የጀማል ታላቅ ወንድም። ዒዳሽ ሲያልቅ እንመጣለን አለ። መኪናዋ የሞተች ናት፣ ድንበሩ ላይ ውጫሌ ለመለዋወጫ የሚገዛት ሰው አግኝቻለሁ፣ ከዚያ አንቺና ልጅቷ እኛ ጋ ትገባላችሁ አለኝ። መኪናዋ ላይ የውርስ ድርሻ አለው፣ እናቱም አላት። ሸሪዓ ነው፣ አልከራከርም።

ግን እኛ ጋ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የጓሮ ክፍል። በሰው ወጥ ቤት፣ በሰው ድስት። ሂክማ ከት/ቤቷ ተነቅላ።

መኪናዋ ከሠራች ሌላ ነው። የሰፈሩ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን የምታመላልስላቸው ሴት ሹፌር ይፈልጋሉ። የግድግዳ ጎረቤቴ ፋዱማ ሦስት ሴት ልጆቿን ከአሁኑ አስመዝግባለች። ሶማሌ ናት፣ አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ወርቅ። መንዳት ያስተማረኝ ጀማል ነው፣ እየጮኸብኝ። መንጃ ፈቃድ አለኝ። የሌለኝ ማርሚታ ነው።

ኡመር ሲመጣ አስነስቼ አሳየዋለሁ። ጸጥ ብላ ስትሠራ። ከዚያ ሽጪ ይበለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከአስር ሶላት በኋላ

የመሐሉ ቱቦ ወረደ። ማለት እጄ ላይ ተፈረካከሰ።

ከላዩ ጀማል የጠቀለለበት ቆርቆሮ አለ። የወተት ዱቄት ጣሳ ቀዶ፣ ዘርግቶ፣ በሽቦ አስሮ። እሱን ስልጥ ሌላ ጣሳ። እሱን ስልጥ ሌላ። የመጨረሻው ላይ የሕፃን ፊት ግማሹ ይታያል። ሂክማ የጠጣችው ወተት ነው። ያኔ ለስኳር ማስቀመጫ ብዬ ቤቱን ሙሉ ያተራመስኩለት ጣሳ! ሌባ። ፊቴ ቆሞ አብሮኝ ሲፈልግ ነበር እኮ።

የሽቦው አጠማዘዝ የሱ ነው። ወደ ግራ። ግራኝ ነበር።

እዚያው መኪናዋ ሥር እንደተጋደምኩ አለቀስኩ። ስነሳ ግንባሬ ብረት መታ። እሱም ሁልጊዜ ይመታ ነበር፣ እኔ እስቅበት ነበር። ጣሳዎቹን አልጣልኳቸውም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ራህማ ልትጠይቀኝ መጣች። ገበያ ልብስ የምትሸጠዋ። እህቷ ጅግጅጋ የነኡመር ጎረቤት ናት።

በሩ ሲንኳኳ እየሮጥኩ ታጠብኩ። ሳሙናው ጥቁሩን ወሰደ፣ ቀዩን ተወው። ጥፍሬ፣ የጣቶቼ ጫፍ፣ መዳፌ። ዝገት ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሻይ ሳቀብላት እጄን አየች። እኔም ሻሼ ሥር ደበቅኩት። መኪና ሥር መግባቴ እንዳይወራ ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር በሐሳቤም አልመጣ። ሻዩን ሳትጨርስ ተነሳች። ሌላ ጊዜ ሁለት ብርጭቆ ካልጠጣች የማትነሳ ሴት።

ደጅ ስሸኛት ነው ፊቷን ልብ ያልኩት። ሱብሃነላህ። ሂና መስሏታል።

ጮክ ብዬ ልጠራት ነበር። ግን ምን ብዬ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አልዘገየም። ኡመር ደወለ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ለማን ነው የምታጌጠው እያሉኝ ነው አለ። ዝገት ነው አልኩት። የማርሚታ ዝገት። ሳቀ። ዐሥሩም ጥፍር ላይ? አለኝ። ዒዳዬ እስኪያልቅ እንደማይጠብቅ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቱን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። እጅሽን እናቴ በዓይኗ ትየው። መኪናዋንም ያን ቀን ጎትቶ የሚወስድ ሰው አዘጋጅቻለሁ አለኝ።

አማቴ እማ ዘይነባ በዓይኗ። ልጇን ቀብራ ሳምንት ሙሉ እዚህ ፍራሽ ላይ አቅፋኝ ያደረች ሴት። የኡመር ይቅርብኝ፣ እሷ ካመነችው ግን ወላሂ አልችለውም። ከንዴቴ ብዛት የሂክማን ምሳ አሳረርኩት። ያረረውን ጠርጋ በላች። የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሁሉ ይገባታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከጁምዓ በኋላ

ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

ዛሬ ሥራውን ባቆም፣ በሎሚና በአመድ ባሸው፣ እስኪመጡ እጄ ይነጻል። ንጹሕ እጅ አሳያለሁ፣ መኪናዋም ተጎትታ ትሄዳለች። ብሠራ መኪናዋ ትነሳለች፣ እጄ ግን እንደ ሙሽራ እጅ ቀልቶ ይጠብቃቸዋል። ለሁለቱም የሚበቃ ቀን የለኝም። ጓንት ሞከርኩ፣ ዳዶው ቀደደው። ፌስታል አሰርኩ፣ መፍቻው ከእጄ ይሸሻል።

ስሜ ወይስ መኪናዋ?

ሎሚውን ቆርጬ ያዝኩ። ስሜን አላህ ያውቀዋል። ማርሚታውን ግን እኔ ካልገጠምኩት ማንም አይገጥመውም። ሎሚውን ሻይ ውስጥ ጨመቅኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አዲስ ማርሚታ አቅሜ አይደለም። ዳሚ ሰፈር ብረት ሠሪዎች አሉ፣ ከሌላ መኪና በወለቀ ማርሚታ ላይ ቱቦ በይደው ይሰጣሉ። እኔ መሄድ አልችል። ፋዱማ አሮጌውን ቁርጥራጭ ለልክ ተሸክማ ሄደች። በባጃጅ፣ ቱቦው በአንድ በኩል ወጥቶ፣ እሷ በሌላው በኩል ወጥታ።

የራህማን ነገር ነገርኳት። ልሂድና ጸጉሯን ልንጨው? አለች። ዒዳ ላይ ባልሆን አብሬሽ እሄድ ነበር አልኳት። ሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ቱቦው መጣ። ብየዳው ጥሩ ነው። አልገባም እንጂ!

ጥፋቱ የሠሪው አይደለም። አሮጌው ከክብደት ብዛት ጎብጦ ነበር፣ ለልክ የላክሁት ጉብጠቱን ጭምር ነው። ጫፉ የኋላ ጎማዎቹን አክስ ይነካል። ሴጌቶ አወጣሁ፣ የጀማልን፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለውን። ጠዋት ጀምሬ ስቆርጥ ዋልኩ። ክንዴ የኔ አይደለም። ዝገት ዓይኔ ውስጥ፣ አፌ ውስጥ። አንገቴ ላይ ሳይቀር ቀልቻለሁ፣ አሁን ራህማ ብታየኝ ምን ትል ይሆን።

ተቆረጠ። የፊቱን ሁለት ብሎን አስገባሁ። የቀሩት የኋላው ሁለትና ማንጠልጠያ ጎማዎቹ ናቸው። ነገና ከነገ ወዲያ አለኝ። ይበቃኛል፣ ኢንሻአላህ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ከመግሪብ በኋላ

ዛሬ ኡመርና እናቱ መጡ። ሳይናገሩ፣ ከቀናቸው ቀድመው። ሂክማ ከት/ቤት ስትመለስ በር ላይ አግኝታቸው አስገባቻቸው። እኔ መኪናዋ ሥር ነበርኩ፣ የጀማልን ሱሪ ከቀሚሴ ሥር አድርጌ፣ ቱቦውን በጉልበቴ ደግፌ፣ ዳዶ በጥርሴ ይዤ። ከውጭ የሚታየው እግሬ ብቻ ነው። መጀመሪያ የኡመርን ጫማ አየሁ። ከዚያ የእማ ዘይነባን።

ልውጣ ብል ቱቦው ይወድቃል። ሰላምታ ልስጥ ብል አፌ ውስጥ ዳዶ አለ። ኡመር፣ ይኸው በዓይንሽ እዪ፣ እዚህ ሆና ምን እየሠራች ነው? አለ። ድምፁ ግን መሐል ላይ ደከመ፣ እሱም የሚያየውን አላወቀውም።

እማ ዘይነባ ቀስ ብላ ጉልበቷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። እጅሽን ስጪኝ አለች። ዘረጋሁላት። በዚያ ሁሉ ዝገት። ያዘችው፣ አገላበጠችው። ከዚያ ወደ ፊቷ ወሰደችው። ሂና ይሸታል ብላ መስሎኝ ነበር። አሸተተች። አልለቀቀችውም። ደግማ አሸተተች።

«ኡመር፣ ና። ይኼ የጀማል እጅ ነው። ልጄ ከሥራ ሲገባ እንዲህ ነው የሚሸተው።»

ከዚያ መዳፌን ፊቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን። እኔም ከሥር ሆኜ። ዳዶውን ልውጠው ነበር።

ኡመር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳይዞር፣ የኋላው ማንጠልጠያ ጎማ ተጣሟል፣ ወደ ቀኝ ሳቢው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተጣሞ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

አስነሳኋት። መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ምንም ድምፅ የለም። ሞተሩ የሚሠራ አልመሰለኝም፣ ወርጄ ክዳኑ ላይ እጄን አድርጌ ነው ያረጋገጥኩት። ፋዱማ በግድግዳው ላይ አንገቷን አውጥታ፣ አልተነሳችም እንዴ? አለች። በደስታ እጮኻለሁ ብዬ ነበር። አልጮኽኩም። ጀማል ሲገባ ከሩቅ የምሰማው ያ ጩኸት ነበር፣ ሻይ የምጥደው እሱን ሰምቼ ነው። አሁን የለም። እኔው ነኝ ያጠፋሁት።

እማ ዘይነባ የኔ ድርሻ ለሂክማ ነው ብላ ጨረሰች። ኡመር ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ድርሻዬ መኪናዋ ላይ ይቀመጥ፣ ሠርተሽ ስትችዪ ትከፍዪኛለሽ አለኝ። ከዚያ አፉ በይኝ አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ልለው ያሰብኩት ብዙ ነበር። አፉ አልኩት።

ጎትቶ ሊወስዳት ከቅዳሜ ቀድሞ የተጠራው ሰውዬ በር ላይ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ኡመርም ወደ ጅግጅጋ። እናቱ ግን ዒዳሽ ሳያልቅ ንቅንቅ አልልም ብላለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5። ጠዋት

ዒዳዬ አለቀ። ታጠብኩ። አዲስ ቀሚስ፣ ፋዱማ ያመጣችው። አልሐምዱሊላህ ለማለት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። እስከ ዛሬ ሚስቱ ሆኜ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ምኑ እንደሆንኩ አላውቅም።

እማ ዘይነባ ሂና ካልቀባሁሽ አለች። ሰው ልካ ራህማን አስጠራቻት። ያቦካችው ራህማ ናት። ይቅርታ አልጠየቀችም፣ ቀና ብላም አላየችኝም፣ ግን ክንዷ እስኪዝል አቦካች። እማ ዘይነባ በራሷ ጣት ቀባችኝ። ጥፍሬ ሥር ያ ዝገት ገና አለ፣ በሎሚም አልለቀቀም። ሂናው ደርቆ ሲረግፍ አየሁት። የቱ ዝገት የቱ ሂና እንደሆነ አይለይም። ተዪው፣ እንዳለ ይሁን አለችኝ እማ ዘይነባ።

ኡመር እናቱን ሊወስድ ትናንት ማታ ገብቷል። የነገ ጠዋት የአውቶቡስ ቦታ ያዝኩ ሲል ሰማሁት። ሰርዘው አልኩት። የፋዱማን ልጆች ት/ቤት አድርሼ፣ እማ ዘይነባን እስከ ድንበሩ፣ እስከ ውጫሌ የማደርሳት እኔ ነኝ። እሷ ከጎኔ። ኡመር ከኋላ ይቀመጣል።