ሰላም ብሎሻል

ጥቅምት 4

ተማሪዬ፣ የባንኩ ሰውዬ፣ ዛሬም ፍሪሲዮን ሊረግጥ ፍሬን ረገጠ። ግንባሬ ከመስታወቱ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። "ይቅርታ እህቴ፣ እግሬ ነው" ይለኛል። የማን እግር ሊሆን ኖሯል? መኪና መንዳት ማስተማር ነፍስን አስይዞ መብላት ነው።

በምሳ ሰዓት እማዬ መጣች። በዚያ ዕድሜዋ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ... ተይ ቢሏት አትሰማ። ብርቱካን ይዛለች፤ ላስቲኩ እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። የልጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና መስኮት መስኮቱን እያየች "ወንድምሽ ነው የላከልሽ። ሰላም ብሎሻል" አለች።

እግሩን ምን ነካው አልኳት። ሁሌም የምላት ነው። ሥራ በዝቶበት ነው አለች። እሷም ሁሌም የምትለው ነው።

ሥራ! አናጢ አይደለም እንዴ፣ አገር ያስተዳድራል? ያለ አባት ወለድሽ ብሎ፣ አራስ ልጄን እንዳቀፍኩ ከእናቴ ቤት ያስወጣኝ ሰው። ያቺ አራስ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ይቅርታ ለማለት ጊዜ አላገኘም፤ ብርቱካን ለመላክ ግን ጊዜ አለው። ይምጣና በአፉ ይበለው። እስከዚያ አላውቀውም።

ብርቱካኑን ግን በላሁት። ጣፋጭ ነበር።

ጥቅምት 11

እማዬ ወደቀች። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ፣ ሱቁ በር ላይ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል። ምላሷም ተሳስሯል።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወንድሜ የተባለው ሰውዬ ነበር። ሸብቷል። መቼ ነው የሸበተው? እሱ መስኮቱ ጋ ቆመ፣ እኔ ደረጃው ጋ። ሚስቱ መሃል ላይ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ስትሽከረከር ዋለች። ሐኪሙ ያለውን ለሱ ትነግራለች፣ ተመልሳ ለኔ ትነግራለች። የእማዬን ሥራ ተረከበች ማለት ነው።

ጥቅምት 13

ተራ ገባን። ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ። እንዳንገናኝ ሚስቱ ናት ያደራጀችው።

የእማዬን እጅ ይዤ ዋልኩ። ይሄ እጅ... አባባ ሲሞት የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም ነበር። ዳቦ ቤት ተቀጠረች። ጎህ ሳይቀድ ሊጥ አቡክታ፣ እኛ ስንነቃ ተመልሳ ታለብሰናለች። ቅንድቧ ላይ ዱቄት እንዳለ። እናቴ ስትፈጠር ጀምሮ ነጭ ቅንድብ ያላት ይመስለኝ ነበር። ጡረታ ወጣሁ፣ አረፍኩ ስትል ደግሞ እኔ መጣሁባት። ልጇ ከቤት ቢያስወጣኝ የተከራየኋት ክፍል ድረስ ተከትላኝ መጣች። ልጄን አዝላ አሳደገችልኝ።

መንጃ ፈቃድ ልወስድ ስለማመድ ሕፃኗን ታቅፋ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር፣ ዓይኗን ጨፍና። እማዬ፣ መጨፈኑ ምን ያደርግልሻል ስላት፣ "አንቺ ካየሽ ይበቃል" አለችኝ። ዛሬ ትዝ አለኝ።

ሐኪሙ ሲወጣ ጠራኝ። ቀኑን ሙሉ በሩን ነው የምታየው አለኝ። ልጆቿ አንድ ላይ ብትገቡላት ጥሩ ነው፣ ከደገማት ጊዜ ላይኖረን ይችላል።

አንድ ላይ? ይቅርታ ሳይለኝ? እንጃ...

ጥቅምት 15

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ።

ተራ ስንቀያየር ሚስቱን በር ላይ ያዝኳት። ብርቱካን ከሚልክልኝ አንዲት ቃል ቢናገር ምን ይጎዳዋል አልኳት።

"የቱን ብርቱካን?" አለች።

ሳቅሁ፤ አልሳቀችም። እሱ እንኳን ብርቱካን ሊልክልኝ፣ የኔ ስም ሲነሳበት ራሱ ዝም ነው የሚለው። "ይልቅ አንቺ ነሽ እንጂ" አለች፣ "በየክረምቱ ሹራብ እየሠራሽ የምትልኪለት።" እኔ! የሹራብ መርፌ በየት በኩል እንደሚያዝ የማላውቅ ሰው!

ክው አልን፣ ሁለታችንም። ደግሞ ጠረጴዛው አለ። የልጄ የጥናት ጠረጴዛ። ጠረጴዛውን እውነትም እሱ ነው የሠራው። እማዬ "እህትህ ለልጇ ጠረጴዛ ሥራልኝ ብላሃለች" ብላው፣ የሰው ሥራ ትቶ፣ ጥሩ እንጨት መርጦ። ከዚያ ልታመሰግነኝ ትመጣለች ብሎ በር በሩን ሲያይ ከረመ። እኔ ደግሞ ጠረጴዛው ሲደርሰኝ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ በር በሩን ሳይ ከርሜያለሁ።

ገባሁ። "እማዬ፣ ብርቱካኑን ማን ነው የሚገዛው?"

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች ለመምሰል። ሽፋሽፍቷ ግን ይርገበገባል... ማስመሰል እንኳ አትችልበትም። እንዴት ይሄን ሁሉ ዓመት ሸወደችን?

ጥቅምት 16

ተናድጃለሁ። ምላሷ በተያዘ ሴት ላይ! ባትዋሸን ኖሮስ? መንገድ ላይ ተገናኝተን ተሰዳድበን ይበርድልን ነበር? ወይስ እስከነጭራሹ እንጠፋፋ ነበር? እሷ ስታቀርበን እኛ "እሱ ጀምሯል"፣ "እሷ ጀምራለች" እያልን ተኮፍሰን ተቀመጥን። የተኮፈስነው እኛ፣ ደረጃ የወጣችው እሷ።

ነገ በሱ ተራ እሄዳለሁ። አብረን እንቆምላታለን። ብቻ እግሬ እሺ ይበለኝ።

ጥቅምት 17

ጠዋት ልሄድ ነበር። አንድ ተማሪ ልጨርስና አልኩ። ተማሪው ሰበብ ነው፤ ፈርቼ ነው።

አደባባዩ ጋ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።

"ነይ" አለኝ። ይሄው ነው። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት።

የባንኩን ሰውዬ ከመሪው አስነስቼ ራሴ ነዳሁ። እሱ ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ። መብራቱ ሁሉ ቀይ... ሁሉም። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት።

አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ግራጫ ሹራብ ለብሷል። "አሁን ነው" አለ። ተነሳና ወንበሩን ለቀቀልኝ። እጇ ገና ሙቅ ነበር።

አብረን ቆምንላት። ማን ሊያይ?

ጥቅምት 18

ነገ ቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳ ይነበባል። እኔ ልጽፍ ተባለ። ያ ሁሉ ዕድሜ በአንድ ገጽ! ዳቦ ቤቱን ጻፍኩ። የዱቄቱን ቅንድብ ጻፍኩ። "ሰው በር ሲዘጋባቸው ልጇንና የልጅ ልጇን ተከትላ ወጣች" ብዬም ጻፍኩ።

ወንድሜ አንብቦ ጣቱን እዚያ መስመር ላይ አሳረፈ። "ይሄ ይውጣ" አለ። "የእማዬን ነው የምትጽፊው የኔን?"

"እሱ ከወጣ እማዬ የታለች?" አልኩት።

ወረቀቱን አስቀምጦ ወጣ። እንዲህ ያወራነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ።

ጥቅምት 19

አላወጣሁትም። አነበብኩት፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ለቀስተኛው ሲበተን ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ልጄ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ማታ ላይ "አያቴ ብትኖር ደስ የሚላት ይመስልሻል?" አለች። እውነት ነው የጻፍኩት። እውነት መሆኑ ግን ምንም አላቀለለኝም።

ኅዳር 19

እሑድ። ማንም ሰላም አላለኝም። ውሸቷ ናፈቀኝ።

ኅዳር 30

የባንኩ ሰውዬ መንጃ ፈቃዱን አገኘ። እግሬ ተቀየረ ብሎ ኬክ አመጣልኝ። ለእማዬ ቁራሽ ካስቀመጥኩ በኋላ ነው መሞቷ ትዝ ያለኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ... አሥር ጊዜ የወንድሜን ቁጥር አውጥቼ አሥር ጊዜ መለስኩት። እሱስ ለምን አይደውልም?

ታኅሣሥ 6

ልጄ ከትምህርት ቤት ብርቱካን ይዛ መጣች። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችና መስኮት መስኮቱን እያየች "አጎቴ ሰላም ብሎሻል" አለች።

ላስቲኩን አየሁት። ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል።

ልጄን አየኋት። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። አያቷ ሙያውን ሳትጨርስላት ነው የሄደችው። እግሩን ምን ነካው ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ይቺም ልጅ በኛ እልህ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ታርጅ?

ስልኬን አነሳሁ። ያ "ነይ" ያለኝ ቁጥር፣ እስካሁን ስም አላወጣሁለትም።

"ጋሼ" አልኩት። ልጅ ሆኜ እንደምጠራው። ከኋላው የመጋዙ ድምፅ ቆመ። "ሰላምታህ ደርሶኛል። ብርቱካኑም።"

ብርቱካን እንዳልላከ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች።

"ያንቺም ደርሶኛል" አለ። "...ኮምጣጣ ነው።"

ዞር ብዬ ሳይ ልጄ ወደ ኩሽና ሾልካለች። ለሁለታችንም አዳርሳለች ለካ! ሳቅሁ። እሱም የሳቀ መሰለኝ። ያነበብሽው እውነት ነው አለ። መስማቱ ከብዶኝ ነው፣ ያን ጊዜም የበደልኩሽ እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል በስልክ መጣ።

እሑድ ና አልኩት። የጠረጴዛው አንድ እግር ይነቃነቃል፣ መጥተህ እየው አልኩት። መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ አለ።

አይነቃነቅም።